የአዞሮች የዘር ሐረግ

ክሎቪስ አዞር በረንዳው ላይ፣ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። መነጽሩ ከአፍንጫው አልወረደም፤ ጉልበቱ ላይ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ የሳለበት ሰፊ ወረቀት እንደ ተዘረጋ ነበር። ሰው ሁሉ ልቡ ነው ብሎ ነበር። ሐኪሙ ግን አጠገቡ የነበረውን ፍንጃል አየት አደረገና ወደ ፖሊስ ደወለ። ከተለመደው የቅጠል ሻይ ጋር፣ በየአጥሩ ሮዝ አበባ የሚያወጣው መርዘኛ ቁጥቋጦ ቅጠል አብሮ ፈልቶበታል። ፍንጃሉ ሥር ያልሟሟ ስኳር ቀርቷል።

ኢንስፔክተር ዴቪና ቬራፔን ከዋና ከተማው ከፖርት ሉዊስ ወደ ባሕር ዳሩ መንደር ወደ አንስ ቪዮሌት የወረደችው በማግስቱ ነው። ፀጉሯ የሸበተ፣ ከመናገር ይልቅ ማየት የሚቀናት ሴት ናት። በመንደሩ ያገኘችው ሰው ሁሉ ስለ ሟቹ የነገራት ተመሳሳይ ነው፦ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ትዳር ያልያዘ፣ ቃሉ የማይታጠፍ፣ ምክንያቱን ለማንም የማያስረዳ ሰው። የመጨረሻ ዓመታቱን የጨረሰው በወሳኝ ኩነት መዝገብ ቤት ነው፤ ማን ከማን ተወለደ፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን መቼ ሞተ እያለ የቀደሙትን ምስክር ወረቀት ሲያስገለብጥ። ለጨዋታ አልነበረም። የቅድመ አያቱ የባሕር ዳር መሬት ከቤተሰቡ እጅ ከወጣ ቆይቷል፤ ክሎቪስ ለማስመለስ ከስሷል፤ ፍርድ ቤቱም መሬቱን የሚጠይቅ ሁሉ ከቅድመ አያቲቱ እስከ ራሱ ድረስ አንድም ሰው ሳይጎድል በመዝገብ ያሳይ ብሏል። በሕይወት የቀሩት ወራሾች ክሎቪስ፣ ታናሽ እኅቱ አርሌትና የአርሌት ብቸኛ ልጅ ዴዚሬ ነበሩ።

ወጥ ቤቱ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ በሩ አይዘጋም። አርሌት የወንድሟን ሻይ እንደ ወትሮዋ ጥዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዷን፣ ስትመለስም ቀድታ መስጠቷን አልደበቀችም። እሷ በሌለችበት ሁለት ሰዎች በግቢው አልፈዋል።

አንደኛው ጎፖል ነው፤ መሬቱን ለሆቴል ለማሻሻጥ የሚሯሯጥ ደላላ። ለሽማግሌው ጣፋጭ ይዞ ሄዶ ነበር።

«ስኳር አለብኝ ብሎ መለሰልኝ። እኔው በላሁት» አላት ሆዱን እየዳበሰ። «ክሱ ቢወድቅ ደስ ይለኛል፤ ለምን እዋሻለሁ? ግን ማዳም፣ እኔ ሰው የምገድል ሰው ብሆን አማቴ እስካሁን ትኖር ነበር?»

ሁለተኛው ዴዚሬ ራሱ ነው። ጎልማሳ ጀልባ ነጂ ነው፤ ከአጎቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። እሱም አልካደም። ልጆቹን ማብላት አቅቶት መሬቱ ባይገኝም ጎፖል ለዝምታቸው የሚከፍለውን እንቀበል ብሎ ነበር።

«አጎቴ፣ አንተ የሙታንን ስም ስትለቅም የሕያዋን ሆድ ባዶ ቀረ አልኩት። በሩን ወርውሬበት ወጣሁ።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«ምንም። ብቻ አየኝ። ሐኪም የማይድን በሽተኛውን እንደሚያየው ነው ያየኝ።»

አርሌት መቁጠሪያዋን እንደ ጨበጠች ነው የተናገረችው። ኢንስፔክተሯ ሰሞኑን የተለየ ነገር ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ሰኞ ጠበቃው ዘንድ ቀጠሮ ነበረው። ሁሉንም አወጣዋለሁ ይል ነበር።»

«ምኑን ነው የሚያወጡት?»

«የመዝገቡን ነገር ነዋ፣ ልጄ። እኔ ምኑን አውቄው።»

ኢንስፔክተሯ የሟቹን ፋይል ገለበጠች። ምስክር ወረቀቶቹ በመምህር እጅ ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ አንዱ ቁጥር የለም። መዝገብ ቤት ስትደውል ክሎቪስ መጨረሻ ያስገለበጠው የሞት ምስክር ወረቀት እንደ ሆነ ተነገራት። ከፋይሉ የጎደለው እሱ ነበር፤ ሄዳ ግልባጩን ተቀበለች። መኪናዋ ውስጥ አነበበችው፤ ሞተሩን ሳታስነሳም ደግማ አነበበችው። ከዚያ የክሎቪስን ጠበቃ ፍለጋ ሄደች።

በቀብሩ ዕለት ከሰዎቹ ኋላ ቆመች። የአዞሮች መስቀሎች በሙሉ ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ ስማቸው በጥቁር የተጻፈባቸው ናቸው። ከአርሌት ባል መቃብር ግርጌ ግን እንደ ሕፃን አልጋ ያጠረች አንዲት መቃብር ነበረች፤ ስም የላትም። ቀለሟ ከሁሉም ትኩስ ነው፤ አበባዋም ገና አልጠወለገም።

«ይቺ የማን ናት?» ብላ አርሌትን ጠየቀቻት።

«እንጃ። ሜዳ ሆና ከምትቀር ብዬ ነው የቀባኋት።»

አርሌት ይህን እያለች አንዱን አበባ አቃናችው፤ የተገለጠ ልጅ እንደሚሸፈነው።

ከጸሎቱ በኋላ ለቀስተኛው ሻዩንና ብስኩቱን ጨርሶ ሲበተን፣ ኢንስፔክተሯ አርሌትን፣ ዴዚሬንና ጎፖልን ብቻ በሟቹ ቤት አስቀረች። በሩ ላይ አብሯት የመጣው ኮንስታብል ቆመ።

«ከፋይሉ አንዲት ወረቀት ብቻ ወጥታለች» አለች። «ሙስዩ ጎፖል፣ እርስዎ ቢሆኑ ፋይሉን በሙሉ ያቃጥሉት ነበር። ያኔ ክሱ ያበቃል።»

«እስከ ዛሬ እንዲህ ያሰበልኝ ሰው የለም፤ አመሰግናለሁ» አለ ጎፖል።

«ዴዚሬም ክሱን አይፈልገውም፤ እሱም ቢሆን መርጦ አይወስድም። ወረቀቷን የወሰደው ሰው መሬቱ እንዲገኝም፣ ያቺ ወረቀት እንድትጠፋም የፈለገ ነው። ደግሞ የስኳሩ ነገር አለ። በስርቆሽ ገብቶ ድስቱ ላይ ቅጠል የሚጥል ሰው ፍንጃል ውስጥ ስኳር አይጨምርም። ስኳር የሚጨምር የሚቀዳው ነው። ምሬቱ እንዳይታወቅ ለስኳር በሽተኛ ስኳር ተደረገለት፤ እሱም ከእኅቱ እጅ ስለ ሆነ ጠጣው።»

የአርሌት ጣቶች መቁጠሪያው ላይ ቆሙ።

ኢንስፔክተሯ የቀረውን የተናገረችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። በዚያ ዘመን ልደት ለማስመዝገብ ከተማ መሄድ የአንድ ቀን ዓሣ ማጣት ነበር። ሕፃን ሞቶ ሌላ ወንድ ሲተካ፣ የሟቹን የልደት ወረቀት እንደ ልብሱ ለሚመጣው ማውረስ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ የራሷ የኢንስፔክተሯም አጎት በወረቀት ከእውነተኛ ዕድሜው በሁለት ዓመት በልጦ ነው ያረጀው። ቄሱ ግን ያለ ሞት ወረቀት ስለማይቀብር የሕፃኑ ሞት ተመዝግቦ ይቀራል። እናትም በሕይወት ያለ ልጇን ስም መስቀል ላይ መጻፍ ስለማይሆንላት መቃብሩን ባዶ ትተወዋለች።

ወደ ዴዚሬ ዞረች። «የያዝከው ወረቀት ከአንተ በፊት የተወለደው የወንድምህ ነው። እሱ ጡት ሳይጥል ሞቷል። በመዝገቡ ዴዚሬ ከሞተ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። አንተ አልተመዘገብክም።»

ዴዚሬ ሳቀ። እናቱን ሲያያት ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ልጄን ሊገድልብኝ ነበር» አለች አርሌት። «ሥራው፣ ትዳሩ፣ የልጆቹ ስም ሁሉ የቆመው በዚያች ወረቀት ነው። ተዋት ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። እውነት በልመና አይለወጥም አለኝ። ሰኞ ጠበቃው ጋ ሄዶ ሊናገርበት ነበር።»

«ሰኞ የሚሄደው ሊምልለት ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። ከቦርሳዋ ከጠበቃው የተቀበለችውን ማመልከቻ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሳይመዘገብ የቀረን ሰው ፍርድ ቤት ሊያስመዘግበው ይችላል፤ ሲወለድ የነበረ፣ ከወላጆቹ ሌላ የሆነ አንድ ምስክር ከማለ። ዴዚሬ በተወለደ ዕለት ሮጦ አዋላጇን የጠራው ክሎቪስ ነው።

«ሌላ ሰው አልነበረም?» አለ ዴዚሬ።

«አዋላጇ ሞታለች። አባትህም የሉም።»

ጎፖል ባርኔጣውን አንሥቶ ቀስ ብሎ ወጣ። አርሌት ማመልከቻውን አልነካችውም፤ መስመሮቹን በዓይኗ ብቻ ተከተለች፣ ጨርሳም ከመጀመሪያው ጀመረች። ኮንስታብሉ መጥቶ አጠገቧ ሲቆም እጆቿን ራሷ ዘረጋችለት።

ዴዚሬ በሩ ላይ ደረሰባቸው።

«እማዬ፣ ስወለድ የራሴ ስም ነበረኝ?»

«ነበረህ። አባትህ ነው ያወጣልህ። ጥቂት ቀን ጠራንህ፤ ኋላ ወረቀቱ አለ ብለን ተውነው።»

«ማን ነበር?»

አርሌት ወደ እሱ ዞረች። ከንፈሯ አንድ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

«ጠፋኝ» አለች። «ክሎቪስ ያውቀዋል።»