የተላሰው ድንጋይ

ሽማግሌው የድንጋይ ተመራማሪ አጉሊ መነጽራቸውን እንደጨበጡ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ቀርተዋል። አፍንጫቸው ሥር አንድ ቀይ ድንጋይ፣ ክንዳቸው አጠገብ የተጋመሰ ሻይ።

መርማሪውን ባልደረቦቹ ሲንቀረፈፍ እያዩ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ሐኪሙ መርዝ መሆኑን በጆሮው ሹክ ሲለው፣ እሱ ለቤተ ሙከራው ሰዎች «ልባቸው ነው» አላቸው።

«ሻዩን እኔ ነኝ ያፈላሁለት» አለች ልጃቸው፣ ዓይኗ አብጦ።

«ድንጋዩስ?»

«ጥንት የባሕር ወለል ላይ ከሚፈላ ምንጭ ማዕድን ተከማችቶ የሠራው ነው። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የብረት ክሮች አሉት። የአባዬ ምክትል የረቂቅ ሕዋሳት ቅሪት ናቸው ብሎ ስሙ ገነነ። አባዬ ግን ‹ሕይወት አልነበረባቸውም፤ ማዕድኑ ራሱ እንዲህ ያድጋል› ሊል ነበር።»

ምክትሉ ፊቱን ቋጥሮ ተቀምጧል። «ለእኔ አባት ነበሩ። ይልቅ ሻዩን አስመርምሩት።»

«ልባቸው ነው አላልኩዎትም?»

«እንዲያው… ለጥንቃቄ።»

የመርማሪው አለቃ የሻዩን ምርመራ ውጤት እንኳ ሳይጠብቅ «ልጅቱን እሰራት!» ብሎ በስልክ ጮኸ። መርማሪው ቀስ በቀስ ግን ልጅቱን፣ ምክትሉንና የቤተ ሙከራውን አዛውንት ድንጋይ ቆራጭ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበ። ከኪሱ ቀይ ድንጋይ አወጣ።

«ከፊታቸው ያነሳሁት ነው። እስቲ ክሮቹን አሳዩኝ።»

ድንጋይ ካልረጠበ ሆዱን አያሳይም። ቆራጩ ላስ አድርጎ ወደ መስኮቱ አዞረው። ልጅቱም እንባዋን ጠርጋ ላሰችው። ምክትሉ የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጣቱን ነክሮ አረጠበው፤ ጣቱንም በመሐረብ አጥብቆ ጠረገ።

«ውይ ጨዋነት!» አለ ቆራጩ። «ዕድሜህን ሙሉ ስትልስ ኖረህ፣ ዛሬ ተጸየፍከው?»

ማንም አልሳቀም።

«መርዙ ሻዩ ውስጥ ሳይሆን ድንጋዩ ላይ ነበር፤ ሲልሱት ገደላቸው» አለ ቀስ በቀስ ምክትሉን፣ አንቱታውን ትቶ። «መርዝ መሆኑን የምናውቀው ሐኪሙ፣ እኔና የቀባው ሰው ነን። ልባቸው ነው ስል፣ አንተ ሻዩን አነሳህ፤ ጥፋቱን ልጃቸው ላይ ልትጥል። ቀጥሎ ምላስህ ፈራ። አይዟችሁ፣ ይኼኛው ከዚያ ድንጋይ ተቆርጦ የቀረው ሌላው ግማሽ ነው፤ ንጹሕ ነው።»

ምክትሉ መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ክሮቹ ሕይወት ነበራቸው» አለ በመጨረሻ። «እሳቸው ናቸው ሊገድሏቸው የነበሩት።»

ሲወስዱት ልጅቱ ቀና ብላ አላየችውም። መዳፏ ላይ ድንጋዩ ቀስ እያለ ደረቀ፤ ክሮቹም አንድ በአንድ ጠፉ።