ተሸናፊ ይዳኛል

«ወዴት ነው? ወንበሩ ይጠብቅሻል!» አለ አሰልጣኙ።

ሽቦ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ከሃያ ደቂቃ በፊት በስኳሽ፣ ኳስን በራኬት ከግድግዳ ጋር በሚያላጉበት ጨዋታ፣ ሦስት ለዜሮ ተሸንፋለች፤ ላቧ እንኳ በቅጡ አልደረቀም። የውድድሩ ደንብ ግን ደንብ ነው፤ የተሸነፈ ቀጣዩን ጨዋታ ይዳኛል። መሸነፉ ሳያንስ ቁጭ ብሎ የሌላውን ድል መመዝገብ! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። እያጉረመረመች ከሜዳው የመስታወት ግድግዳ ጀርባ ያለውን ደረጃ ወጥታ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሽቦ ያሏት ለቅጥነቷ ነው።

የባሰው ደግሞ ከታች የምትጫወተው የልብ ጓደኛዋ መሆኗ ነው። «ፕሮፌሰሯ» ይሏታል። የፕሮፌሽናል ስኳሽ ጨዋታዎችን በስልኳ እያዘገየች ስታይ ትውላለች፤ ማን የት ቆመ፣ ዳኛው ምን ፈረደ፣ ሁሉንም ጠያቂ ሳይኖራት ታስተምራለች። የዚህ ጨዋታ አሸናፊ በእረፍት ወራት ከፕሮፌሽናሎቹ ጋር ለሚሠለጥነው ቡድን ትመረጣለች። ፕሮፌሰሯ ይህን ቀን ሦስት ዓመት ጠብቃለች፤ ለከርሞ ዕድሜዋ አይፈቅድላትም።

ተጋጣሚዋ ሰፊ ቁምጣ የለበሰች ትንሽ ልጅ ነች። የመጀመሪያ ውድድሯ ነው፤ አሰልጣኝም ደጋፊም የላትም። ሩጫዋ ግን ጉድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ወሰደች።

ሽቦ ነገሩን ያየችው በሦስተኛው ዙር ነው። ፕሮፌሰሯ ኳሷን ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ሥር በቀስታ ትጥልና፣ መንገድ መልቀቅ ሲገባት ግማሽ እርምጃ ትዘገያለች። ጫማዋ ያንሸራተታት ታስመስላለች። ትንሿ ልጅ ዞራ እስክትደርስ ኳሷ ሁለቴ ነጥራ ነጥቡ ያመልጣታል። ቆማ «ሌት» ብላ መጠየቅ ነበረባት። ያኔ ዳኛዋ ነጥቡ ይደገም ትላለች፤ የዘጋችው ልጅ መንገድ ለመልቀቅ ካልሞከረች ደግሞ «ስትሮክ» ብላ ነጥቡን ለጠያቂዋ ትሰጣለች። ሳይጠየቅ ግን ዳኛ አይፈርድም። ልጅቷ ደግሞ አትጠይቅም። ጭራሽ ትከሻ ለትከሻ ሲነካኩ «ይቅርታ» የምትለው እሷ ነች!

ያቺ «ይቅርታ» የሽቦን አንጀት በላች።

ሁለት ለሁለት ሆኑ። በእረፍቱ ፕሮፌሰሯ ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ወንበሩ ተጠጋች።

«አየሽልኝ? የፕሮዎቹ ዘዴ» አለች በሹክሹክታ።

«መንገድ እየዘጋሽባት እኮ ነው።»

«ጠየቀችሽ?»

«አልጠየቀችም፣ ግን…»

«ካልጠየቀች አንቺ ምን አገባሽ? ሕጉ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ የኔ ቆንጆ።» ጠቀስ አድርጋት ሄደች።

ሽቦ እርሳሷን ነከሰች። እሾህ ላይ የተቀመጠች ይመስል ተቁነጠነጠች። ቅድም ስታለቅስ መልበሻ ክፍል ውስጥ አቅፋ የያዘቻት ይቺው ፕሮፌሰሯ ነች። ያለችውም ሐሰት አይደለም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ለአንዷ ብቻ ሹክ ማለት ደግሞ ዳኝነት ሳይሆን ማሠልጠን ይሆናል።

ትንሿ ልጅ የውሃ ጠርሙሷን ይዛ በመስታወቱ በር ብቅ አለች።

«ከማን ጋር ነው የምትለማመጂው?» አለቻት ሽቦ፣ ሌላ የምትለው ስታጣ።

«ከግድግዳ ጋር» አለች ልጅቷ። «እኛ ትምህርት ቤት ሌላ የሚጫወት የለም።»

ከግድግዳ ጋር! ግድግዳ መንገድ ላይ አይቆምም፤ ግድግዳን «ሌት» ብሎ የሚጠይቅም የለም። ልጅቷ ፈርታ አይደለም ለካ። መጠየቅ እንደሚቻል ማን ነገራት?

ሽቦ ከወንበሯ ተነሣች።

«ዙሩ ከመጀመሩ በፊት ሁለታችሁም ስሙኝ» አለች። «መንገድ የተዘጋባት ትቁምና እጇን አንሥታ ‹ሌት› ትበል። እኔ እፈርዳለሁ። ለሁለታችሁም ነው የምለው።»

ፕሮፌሰሯ ቀና ብላ አየቻት። ጥቅሻ የለም።

አምስተኛው ዙር ያለ ዘዴ ተጀመረ፤ ፕሮፌሰሯ ያለ ዘዴም ጎበዝ ነች። አንድ አንድ እየተባባሉ ዘጠኝ እኩል ደረሱ። ከዚያ ትንሿ ልጅ አሥረኛውን አገባች። አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት። ፕሮፌሰሯ ኳሷን ከግድግዳው ሥር ጣለች፤ ጫማዋም «አንሸራተታት»።

ትንሿ ልጅ ቆመች። እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ቀስ ብላ አነሣች።

«ሌት?»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ወንበሩ ዞረ። ሽቦ «ይደገም» ብትል ማንም አይቀየማትም፤ ትንሿም አመስግና ትጫወታለች። የጓደኛዋን ፊት አላየችም። ያየችው የጓደኛዋን እግሮች ነው። እግሮቿ መሀል መንገዱ ላይ ተተክለዋል።

«ስትሮክ» አለች ሽቦ። «ጨዋታው አልቋል።»

ተሸናፊ ይዳኛል። ፕሮፌሰሯ ዓይኗ ቀልቶ ደረጃውን ወጣች። ሽቦ ወንበሩን ለቀቀችላትና የተነከሰውን እርሳስ ዘረጋችላት። ጓደኛዋ ሳታያት መንጭቃ ወሰደችው።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሽቦ ቦርሳዋን አነሣች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችውና ከወንበሩ ሥር፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ!» አለች ፕሮፌሰሯ።

«አንቺን» አለች ሽቦ።