እንቅልፌ ያስዋሸችው አጥር

«እንቅልፌ! ኧረ ተነሺ፣ እዚህ ሰው ገብቷል!»

ጓደኛዋ ጩጬ ትከሻዋን ይዛ ስትነቀንቃት እንቅልፌ ገና ደመናው ላይ ነበረች። ተኝታ እንኳ አይደለም። ሣሩ ላይ ተንጋልላ፣ ከላይ የሚያልፉት ወፋፍራም ሽቦዎች ሰማዩን እንደ ደብተር መስመር መስመር ሲያደርጉት እያየች፣ ከትራንስፎርመሮቹ የሚመጣውን እምምም የሚል ድምፅ በጀርባዋ ታዳምጥ ነበር። በጀርባዋ ስል እውነቴን ነው። ያ ድምፅ መጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ አጥንትን ነው የሚያገኘው፤ ጆሮ ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። እሷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እሹሩሩ ያላት እሱ ነው። የክፍል ጓደኞቿ «እንቅልፌ» ያሏትም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዐይኗን ገልጣ ስለምታልም ነው።

አባቷ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያው ጥበቃ ነው፤ የሚኖሩትም እዚያው አጠገብ፣ በጥበቃ ቤት ውስጥ ነው። ጣቢያው ሁለት አጥር አለው። ውስጠኛው ትራንስፎርመሮቹን ይጠብቃል፣ ውጨኛው ደግሞ ውስጠኛውን። በሁለቱ መሀል ማንም የማይረግጠው ሣር አለ። ማንም አይረግጠውም ይባል እንጂ፣ ሁለቱ ጓደኛሞች መዋያቸው ካደረጉት ቆይተዋል። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ተንተርሰው ይጋደማሉ። እንቅልፌ ዐይኗን ጨፍና ድምፁን በሐሳቧ ትከተለዋለች፤ በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ከተማ ሲገባ፣ የዳቦ ቤቱን ምድጃ ሲያሞቅ፣ የጩጬን እናት የስፌት መኪና ሲያንቀሳቅስ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ካለ አንድ ትንሽ አምፖል ደርሶ ሲያርፍ ይታያታል።

የገቡበት ዘዴ ግን ጉድ ነው። አባቷ በየቀኑ አመሻሽ ላይ ውጨኛውን አጥር ይዞራል፤ የሚፈትሸውም በዐይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። የፌሮ ብረት ቁራጭ ይዞ ሽቦውን እየመታ ይሄዳል። የተወጠረ ሽቦ ዥንንን ይላል። የላላ ወይም የተቆረጠ ከሆነ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ታዲያ እንቅልፌ የማን ልጅ ናት? ጥግ ላይ የአጥሩን ግርጌ ፈታች፣ አንድ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አበጀች፣ ከዚያ በአሮጌ አልጋ ሞላ መልሳ ወጠረችው። ጠበቅ ላላ፣ ጠበቅ ላላ እያደረገች እንደ ጊታር ቃኘችው። አባቷ በዚያ ባለፈ ቁጥር አጥሩ ዥንንን ይላል፣ እሱም አምኖ ያልፋል። እሷ ደግሞ መስኮት ላይ ሆና በኩራት ትስቃለች።

«ምን አየሽ?» አለች አሁን ቀና ብላ።

ጩጬ ረጅሙን ሣር ገለጠችላት። የተጠቀለለ ጆንያ፣ የብረት መጋዝ፣ አዲስ የተቆፈረ አፈር። የእንቅልፌ ዐይን ከአፈሩ ወደ አጥሩ ምሰሶ ሄደ። ከምሰሶው ወደ መሬት የሚወርደው የመዳብ ሽቦ ተቆርጧል። ጫፉ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል።

ያንን ሽቦ አባቷ አንድ ቀን አሳይቷት ነበር። «ስታዪው ተራ ሽቦ ይመስላል፤ እንዳትንቂው» ብሏት ነበር። «መብረቅ ሲመጣ፣ ወይም ከላይ መስመር ተበጥሶ ሲወድቅ፣ ኃይሉን ወደ መሬት የሚያስገባው እሱ ነው። እሱ ከሌለ አጥሩን የነካ ሰው አለቀለት።»

«በእኛ ቀዳዳ ነው የገቡት» አለች እንቅልፌ ድምፅዋ ቀጥኖ። «መጋዛቸውን ትተዋል። ተመልሰው ሊመጡ ነው።»

«ቀዳዳውን እንድፈነው፣ በቃ! ማን ያውቃል?»

«ለአባዬ ልነግረው ነው።»

«አብደሻል እንዴ?» ጩጬ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። «እናቴ ምላለች እኮ፤ አንድ ጥፋት ከሰማች አክስቴ ጋ ነው የምትልከኝ። እሺ እኔ ልቅር፣ አባትሽስ? የገዛ ልጁ አጥር ቀደደች ሲባል ሥራው ላይ የሚያቆዩት መሰለሽ? ቤቱም የመሥሪያ ቤቱ ነው። አታካብጂ፣ አቦ!»

እንቅልፌ የተቆረጠውን ጫፍ እንደገና አየችው። የተባለው ሁሉ እውነት ነበር። ከሩቅ ነጎድጓድ አጉረመረመ፤ ደመናው ጠቁሮ ሽቦዎቹ ድረስ የወረደ መሰለ። እምምም የሚለው ድምፅ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ አስፈራት።

የአጥሩ ሽቦ እንዳይነካቸው በሆዳቸው እየተሳቡ ወጡ። ጩጬ ቦርሳዋን አንግታ «ስሜን እንዳትጠሪ» አለችና እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች።

ያኔ ነው የቤቱ በር ሲጢጥ ያለው። አባቷ ፌሮውን ይዞ ወጣ። ወደ አጥሩ ሲያመራ ሰማዩ በድንገት ቦግ አለና መልሶ ጨለመ።

እንቅልፌ ከዚያ በኋላ የሆነውን በሕልም እንደሆነ ነው የምታስታውሰው። እግሯ ይሮጣል፣ መንገዱ አያልቅም፣ የአባቷ እጅ ቀስ ብሎ ይነሳል።

«አባዬ! አትምታው! አጥሩን እንዳትነካው!»

እጁ አየር ላይ ቀረ። «ምን ሆነሻል አንቺ? ከየት ነው የመጣሽው?»

«የመሬቱ ሽቦ... ጥጉ ጋ... ቆርጠውታል። ሌቦች ናቸው።»

አባቷ ፊቱ ተለዋወጠ። ፌሮውን ዝቅ አደረገ፤ ከአጥሩ ወደ ኋላ ራቅ አለ። «ጥጉን ትናንት መትቼዋለሁ። ደህና ነበር እኮ» አለ፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር። «እንግዲህ ዘለው ይሆናል የገቡት።»

ዘለው ነው። «አዎ» ብላ ራሷን ብትነቀንቅ አለቀ። ሌቦቹ ይያዛሉ፣ ሽቦው ይጠገናል፣ ሥራውም ቤቱም ባለበት ይቆያል። እሱም ነገ ጆሮውን ቀስሮ ያንኑ ጥግ ይመታል፣ አጥሩም ዥንንን ይላል፣ እሱም ያምነዋል።

እንቅልፌ ፌሮውን ከእጁ ወስዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አልዘለሉም፣ አባዬ። አጥሩ ዋሽቶህ ነው» አለች። እንባዋ መጣ፣ ግን አላቆመችም። «ያስዋሸሁት እኔ ነኝ። ና ላሳይህ።»

አባቷ ወደ ጥጉ ዞር ብሎ አየ። ስልኩን አውጥቶ ለጣቢያው ተረኛ ደወለና ማንም አጥሩን እንዳይነካ አስጠነቀቀ፤ ከዚያ መንገዱን እንድትመራው በአገጩ አመለከታት። ጎን ለጎን ሄዱ። ትንሽ እንደ ሄዱ የአባቷ ባዶ እጅ በልማድ ወደ ሽቦው ተዘረጋ። እንቅልፌ አየችው። እጁን ቀለብ አድርጋ ያዘችና ጥጉ እስኪደርሱ አልለቀቀችም።