ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው

የምታነቡኝ ልጆቼ፣ ይህ የሆነ ነገር ነው።

"ተረት ነው" የሚል ቢኖር አልቀየመውም። የሌላ ሰው ቢሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር።

የሆነው ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ነው። ጨለማ የለበትም፣ ጅብ የለበትም፣ መቃብር የለበትም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... በገዛ ቤቴ... ባለቤቴ በተኛበት ክፍል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አርባውን ከስፌት መኪናዬ ጋር ኖሬዋለሁ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። የዛሬ አሥራ አራት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ ሲነሳ ግማሽ ጎኑ ተያዘ። ቀኝ እጁ፣ ቀኝ እግሩ፣ ምላሱም ጭምር። ያ ሲቀልድ ውሎ ሲቀልድ የሚያድር ሰውዬ፣ ከአፉ የምትወጣው አንዲት "እ" ብቻ ሆነች።

ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ፣ "የሚወደውን ዘፈን አሰሙት፣ አእምሮው እንዳይተኛ" አለችኝ።

እውነቷን ነው። እሱ ያለ ዘፈን መኪና አያስነሳም ነበር። "ዘፈን ከሌለ ዳገቱ ይረዝማል" ይላል።

እናም ማጫወቻ ልገዛ ወጣሁ።

ባለሱቁ ሁለት ወንበር ሳበ። አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላው ባዶ ነበር... እኔ እንደማስታውሰው።

ሁለት ኤምፒ ስሪ ማጫወቻ ፊቴ አስቀመጠ።

"ይቺ ዘመናዊ ናት እናቴ። ፊቷ መስታወት ነው፤ ዳበስ ሲያደርጓት ትታዘዛለች።"

"እኔ ዳብሼ የማውቀው ጨርቅ ነው። ያቺን አሳየኝ።"

"እሷማ አርጅታለች።"

"እኔስ?"

ሳቀና ሰጠኝ። ዓይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ ፈተሽኳት። ማስጀመሪያዋ ክብ ናት። ማሳለፊያዎቹ ሾጠጥ ያሉ ናቸው። በጎኗ ደግሞ አንዲት ቀጭን ቁልፍ አለች፤ ስትጫን "ቀጭ" ትላለች።

"ይቺስ?"

"መቅጃ ናት። ድምፅ ትቀዳለች።"

"ዘፋኝ አይደለሁ፣ ምን ልቀዳ?"

ያቺኑ መረጥኩ። ጣቴ ያወቃት እሷን ነዋ።

ቤት ስንገባ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዘፈን ተሞልቶባት ነበር። እኔ ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም። ማን ሞላው? ያኔ አልጠየቅኩም። አሁን ግን... ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንዱን ማዳመጫ በእሱ ጆሮ፣ አንዱን በእኔ ጆሮ ሰክቼ እንቀመጣለን። ሰባተኛው ዘፈን ሲመጣ ግራ እጁ መሪ እንደያዘ ሰው ይዞራል። "ዳገቱ ጋ ደረስን?" እለዋለሁ። በጣቱ አልጋውን አንዴ ይመታል። አንዴ "አዎ" ነው፣ ሁለቴ "አይደለም"። በዚያች ጣት ነበር የምናወራው።

ስህተቷን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ማጫወቻዋ እንዳትወድቅበት ቢጃማው ላይ፣ በቀኝ ጎኑ፣ ኪስ ሰፋሁላት። ሰፊ ሆኜ ላላ ያለ ኪስ አልሰፋም፤ ነውር ነው። ልክክ አድርጌ ሰፋኋት። ጠበብ አለችና በቀኝ ጎኑ ሲተኛ፣ ክብደቱ መቅጃዋን ይጫናታል። ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል። ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ በግራ ጎኑ፣ ወደ መስኮቱ አዞረዋለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ማጫወቻዋን አውጥቼ በቀኝ ጎኑ፣ ወደ በሩ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ለሁለት ሰው እንኳ ይከብዳል። ብቻዬን እንዴት አዞረው እንደነበር እንጃ... ብቻ አዞረው ነበር።

አንድ ጠዋት ቢጃማውን ላጥብ ማጫወቻዋን አወጣኋት። ቁጥሩን አየሁት።

ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።

የተቀዳው ትናንት ነው። ሰዓቱ ተጽፏል... ዘጠኝ ከሦስት።

በዘጠኝ ሰዓት እሱ በግራው ነው የተኛው። መቅጃዋን የሚጫን ነገር የለም። ታዲያ ማን ወደ በሩ አዞረው?

ማዳመጫውን ሰካሁ።

መጀመሪያ የጨርቅ መፋተግ። ቀጥሎ ከግድግዳው ወዲያ የእኔ የስፌት መኪና... ትረረረ... ትረረረ...

ከዚያ የበሩ ማጠፊያ።

ከዚያ...

"ተቀመጥ" አለ ባለቤቴ።

ልጆቼ! አሥራ አራት ወር ያልሰማሁት ድምፅ! ጥርት ያለ፣ ያ የመንገድ ድምፁ።

"ቀስ በል። ትሰማለች።"

ዝምታ።

"ገና ናት። አልጨረሰችም። ሸሚዙ ይቀራታል።"

ዝምታ። የሌላው ሰው ድምፅ አይሰማም። ግን ባለቤቴ ሰው እንደሚያዳምጥ ነው ዝም የሚለው። መሃል መሃል ላይ "እህ... እህ" ይላል።

"ምላሴን ሰጥቼህ የለም እንዴ? እጄንስ? እግሬንስ?"

ዝምታ።

"እሺ... ግራ ዓይኔን ውሰድ። እሷን ተዋት።"

እየሮጥኩ ሄድኩ። በግራ ዓይኑ ፊት እጄን አወዛወዝኩ።

አልተርገበገበም።

ገባችሁ? የሚፈለገው እሱ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። እኛ በሽታ መሰለን እንጂ፣ ባለቤቴ አሥራ አራት ወር ሙሉ ገላውን እየቆረሰ እኔን ሲቤዥ ኖሯል።

ጠረጴዛዬ ላይ በእርግጥ የተቆረጠ የወንድ ሸሚዝ ነበር። የየትኛው ደንበኛ እንደሆነ... እንጃ።

ሴት ልጄ ልትጠይቀን ስትመጣ አሰማኋት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። ወዲያው በሐዘን ዓይን አየችኝ።

"እማዬ፣ የጨርቅ መፋተግ ነው እኮ።"

"ደግመሽ ስሚ!"

"እማዬ... ደክሞሻል። ትንሽ ተኚ።"

በማግስቱ ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው መጣ። ዘጠኝ ከሦስት።

"ሌላ ምን ቀረኝ?" ይላል ባለቤቴ። ድምፁ ደክሟል።

ዝምታ።

"ግራ እጄን? እሺ... ነገ ውሰደው። ዛሬ ዘፈን ልምታበት።"

ያቺን ጣት! የምናወራባትን ጣት!

አልቅሼ አበቃሁና ፊቴን ታጠብኩ። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያው ክፍል እቀመጣለሁ አልኩ። የመጣው ይምጣ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሬን ከአልጋው አጠገብ አደረግሁ። መርፌና ክር ይዣለሁ፤ እጄ ባዶውን መሆን አይወድም። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

ሩብ ጉዳይ ለዘጠኝ ሲል ባለቤቴ ተንቆራጠጠ።

"እ! እ!"

"ልውጣ ነው የምትለው?"

አንዴ መታ።

"አልወጣም።"

ሁለቴ... ሁለቴ... ሁለቴ መታ። አልጋው ተንቀጠቀጠ።

"አርባ ዓመት አብረን በልተን፣ ብቻህን ልትከፍል? አልወጣም አልኩህ።"

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

የልጆቹ ጩኸት ቀጥ አለ።

ዓይኔን አንዴ ጨፈንኩ... ገለጥኩ።

አሥር ሰዓት ሆኗል።

ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ወጥታለች። ባለቤቴ ወደ በሩ ዞሯል። በሩ ገርበብ ብሏል። መርፌዬ ወለሉ ላይ ወድቃለች።

ማጫወቻዋን ከኪሱ አወጣሁ። ሁለት መቶ አሥራ አምስት።

የሰማሁት ድምፅ የባለቤቴ አይደለም።

የእኔ ነው።

"ዓይኔንማ አልሰጥህም፣ ክር በመርፌ የማስገባበት ነው። እጄንም አልሰጥህም፣ እሱን የማገላብጥበት ነው።"

ዝምታ።

"ከማስታውሰው ላይ ውሰድ። የስድሳ ስድስት ዓመት አለኝ፤ አንድ ነገር ብትወስድ አይጎድልብኝም።"

ዝምታ... ረጅም ዝምታ። ባለቤቴ ከጀርባ ሆኖ ሲያለቅስ ይሰማል።

"እሺ" ይላል የእኔ ድምፅ። "ውሰደው።"

ሮጬ ግራ እጁን ያዝኩት። ይንቀሳቀሳል! ጣቱ አለች!

ከዚያ ተቀምጬ ትዝታዬን ቆጠርኩ። የእናቴ ፊት... አለ። የሠርጌ ቀን... አለ። ልጄን የወለድኩበት ዝናባማ ሌሊት... አለ። ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ቤቱ ተዘርፎ ምን እንደጠፋ እንደማያውቅ ሰው ሆንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከወጥ ቤት የሰሃን ድምፅ ሰማሁ።

አንድ ወጣት ሰውዬ ቆሞ ዕቃ ያጥባል። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት ቢሆነው ነው። ትከሻው ሰፊ ነው። ሰባተኛውን ዘፈን ያንጎራጉራል።

"እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?" አለኝ።

መቀሴን አነሳሁ።

"ማነህ አንተ?!"

"እማዬ... እኔ ነኝ እኮ! ምን ሆንሽ?"

ጩኸቴን ጎረቤት ሰማ። ልጄ ተጠርታ እየበረረች መጣች። በሯን ስትገባ እሱን አቅፋው አለቀሰች።

"ወንድሜ ነው፣ እማዬ! ወንድሜ! ማጫወቻዋን አብሮሽ የገዛው፣ ዘፈኑን የሞላው፣ አባዬን አብሮሽ የሚያገላብጠው እሱ አይደል እንዴ?"

ሁለተኛው ወንበር ትዝ አለኝ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ዘፈን ትዝ አለኝ። እሱ ግን... አልታወሰኝም። ጭራሽ።

የልክ ደብተሬን አወጣሁ። አለ። በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ በየዓመቱ ልኩ ተጽፏል፤ ትከሻ፣ ደረት፣ እጅጌ። ከሕፃንነቱ እስከ አሁን። ከእያንዳንዱ ልክ ጎን "የልጄ" ይላል።

አንድ ነገር ብቻ...

የሃያ ስምንት ዓመቱ ልክ በሙሉ በአንድ እስክሪብቶ ነው የተጻፈው። ቀለሙ አንዱ ገጽ ላይ እንኳ አልደበዘዘም።

ወደ ባለቤቴ ሄድኩ። ጆሮው ስር ጎንበስ አልኩ።

"ንገረኝ... ልጃችን ነው? አንዴ ምታልኝ። ካልሆነም ሁለቴ።"

በጎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከደስታ ይሁን ከፍርሃት አልለየሁትም።

"እ..." አለ።

ጣቱን አየሁ።

ግራ እጁን ያ ሰውዬ ከአልጋው ማዶ ቆሞ ጨብጦታል። በፍቅር... ጥብቅ አድርጎ።

"አይዞህ አባዬ" አለው።

ልጆቼ፣ ወይ የገዛ ልጄን ከልቤ አውጥቼ ሰጥቻለሁ፣ ወይ ያንን እንግዳ በእጄ ቤት አስገብቻለሁ። ከሁለት አንዱ ነው። የቱ እንደሆነ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም አይናገርም።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ውሃ ይቀዳል፣ ቤት ይጠርጋል፣ ጉንጬን ይስማል። ልጄ ከሆነ እናቱ መቀስ አንስታበታለች፤ ይህን የሚችል አንጀት የለኝም። አንዳንዴ አቅፌው ላለቅስ እፈልጋለሁ።

ግን በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ በበሩ ብቅ ይልና ያንኑ ይጠይቀኛል።

"እማዬ፣ ሸሚዜ አላለቀም?"

ሸሚዙን በደብተሩ ልክ ለካሁት። የእሱ ነው። የፀጉር ያህል እንኳ አይዛነፍም።

"ገና ነው ልጄ" እለዋለሁ።

የባለቤቴ ቃል ጆሮዬ ላይ አለ። አልጨረሰችም... ሸሚዙ ይቀራታል። ሸሚዙ ካለቀ ተራዬ ደርሷል ማለት ነው፤ ስለዚህ አልጨርሰውም። ተራዬ እስኪደርስ ዝም ብዬ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም፤ እኔም ብልሃት አለኝ። ሁሉን ሰፍቼ የአንገቱን ቁልፍ ብቻ ተውኩ። ቁልፏን በቆርቆሮ ሳጥኔ ውስጥ ደበቅኳት። አንዲት ቁልፍ እስከጎደለች ድረስ ሸሚዝ አላለቀም።

ይህን የምጽፍላችሁ ከስፌት ክፍሌ ሆኜ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሞላ ነው።

ከግድግዳው ወዲያ ይሰማኛል።

"አባዬ፣ ወደ በሩ እናዙርህ።"

አልጋው ተንሳጠጠ።

ቀጭ።

ቆርቆሮ ሳጥኔን አሁን ከፈትኩት። ቁልፏ የለችም።

ሸሚዙን አነሳሁ።

የአንገቱ ቁልፍ ተተክላለች። ክሩ የእኔ ክር ነው። ቋጠሮውም የእኔ ነው... ሦስት ጊዜ የምቋጥረው። መርፌዋ ከክሩ ጫፍ ላይ ገና ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች።

እኔ አልሰፋሁትም።

መስፋቴን... አላስታውስም።

በሩ ላይ ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

"እማዬ... አለቀ አይደል?"