ማዕረግ የማይገባበት ክፍል

ሬሳው የተገኘው ከትምህርት ቤቱ ሕንፃ ጀርባ፣ የዝናብ ውሃ በሚወርድበት የሲሚንቶ ቦይ ዳር ነው። ወጣት ዕጩ መኮንን ነበር። በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኖቹ ተከፍተው፣ ደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ የጨርቅ ማዕረጉም በሁለቱ ትከሻዎቹ ላይ ቀጥ ብሎ እንደተጠለቀ ነበር። ከበላዩ ፎቁ ላይ አንድ ጠባብ በረንዳ አለ። የበረንዳው ብረት ዝቅ ያለ ነው፤ ለረጅም ሰው ከጭኑ አያልፍም።

«ራሱን ወርውሮ ነው» ተባለ። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ እንዲህ ያለ ወሬ ባለቤት የለውም። በማግስቱ ጠዋት ግን ወሬው እውነት ሆኖ ነጋ።

ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ይቀር ነበር፣ የሟቹ ታላቅ እህት ባትመጣ። እናታቸው ልጁን ጡት ሳታስጥለው ስለሞተች፣ ገና ልጃገረድ ሳለች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በዚያ ጦር ደንብ ራሱን የገደለ ወታደር ከጓዶቹ ጋር አይቀበርም፤ ሳጥኑም ባንዲራ አይለብስም። ሳጥኑን መኪና ላይ ሊጭኑ ሲሉ ፊቱ ቆመች።

«ወንድሜ ፈሪ ተብሎ አይቀበርም» አለች። «እውነቱን እስክትነግሩኝ ሬሳ አልወስድም። ካልሆነ ሁለት ጉድጓድ አስቆፍሩ።»

የትምህርት ቤቱ አዛዥ ኮሎኔል ለማባበልም ለመቆጣትም ሞከረ። እሷ ቢሮው በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ዝም አለችው። የተቆጣን ሰው ዝም ማለት እንደ ጥፊ ነው። ኮሎኔሉ በመጨረሻ ሴትዮዋን ታረጋጋልኝ ብሎ አንዲት መርማሪ አስጠራ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነገሩ እንዲዘጋም አዘዘ።

መርማሪዋ ጡረታዋ የደረሰ ሻምበል ናት። ወታደሩ ከኋላዋ «እመት እንዴት» ይላታል፤ ምን ቢነግሯት «እንዴት?» ስለምትል ነው። ስሙን ታውቀዋለች፣ አልጠላችውም። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር እህትየውን ማጽናናት አልነበረም። አጠገቧ ተቀምጣ፣ «እህቴ፣ የምነግርሽ ነገር አሁን ካለሽበት የባሰ ቢሆንስ?» አለቻት።

«ካለሁበት የባሰ የለም» አለች እህትየው።

እንግዲህ ልጁ ይማርበት ስለነበረው ክፍል ትንሽ ልናገር፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። ትምህርት ቤቱ ከወጣት ወታደሮች መካከል በፈተናም በግዳጅም የበለጡትን እየመረጠ በቢዝነስ ትምህርት ዲግሪ ያስመርቃል። ጦር በጥይት ብቻ አይዋጋም፤ የሚያበላው፣ የሚያለብሰው፣ የሚያጓጉዝለት ይፈልጋል። የመጨረሻው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ምርምር ነው። ተማሪው አንድ ጥያቄ ይይዛል፣ ወደ ጦር ክፍሎች ሄዶ ይጠይቃል፣ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። በዚያ ዓመት ሦስት ብቻ ነበሩ።

ክፍሉን ያቋቋመው ሲቪል መምህር፣ ሁሉም ዶክተሩ የሚሉት ሰው፣ ሁለት ልማድ ተክሎበታል። አንደኛው፦ ማንም ወደ ክፍሉ ሲገባ ማዕረጉን ከትከሻው አውልቆ በር ላይ ካለው ጣሳ ይከታል። ኮሎኔሉም ቢሆን። የበታቹ የበላዩን «ተሳስተሃል» ማለት ካልቻለ ምርምር የለም ይል ነበር ዶክተሩ። ሲወጡ ሁሉም የራሱን ያነሳል። ሁለተኛው፦ የማንም ጥናት አንድ የክፍል ጓደኛው እዚያው ቦታ ተመልሶ እነዚያኑ ሰዎች ደግሞ ሳይጠይቅ አይጸድቅም። ሟቹ በዚህ ሥራ እንደ መዥገር ስለነበር «ድጋሚ» ብለው ስም አወጡለት።

ጥናቱ የወደቀበት ተማሪ ወደመጣበት ጦር ክፍል ይመለሳል። ጊዜው ደግሞ የጦርነት ጊዜ ነው። መመለስ ማለት ወዴት እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያነሳውም።

መርማሪዋ ኮሎኔሉን ቀድማ ጠየቀችው። ትናንት ጠዋት ውይይት ነበረ፣ ለምሳ ሁሉም ወጣ፣ እሱ ስብሰባ ገባ፣ ልጁ ክፍሉ ውስጥ እየሠራ ቀረ። በረንዳው የሚገባው በክፍሉ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሲናገር በር በሩን ያያል፤ የሚያስፈራው የልጁ ሞት ሳይሆን የክፍሉ መዘጋት ይመስል ነበር።

ዶክተሩ በሌሊት ያረጀ ሰው መስሎ አገኘችው። ከሰዓት በኋላ «ድጋሚ» የጓደኛውን ጥናት ሲመረምር ያገኘውን ሊያቀርብ ነበር አላት። ምን እንዳገኘ አስቀድሞ ለመምህር መንገር በደንቡ ክልክል ነው። ጥናቱ የማን እንደሆነ ጠየቀችው። የሦስተኛው ተማሪ፣ ፍልቅልቁ የሚሉት ልጅ ነው አለ፤ በጦር ግንባር ያሉ ወታደሮች ስንቅና ጫማ እስኪደርሳቸው እንዴት እንደሚጠብቁ የሚያሳይ። ከሁሉ ጥናት አብልጦ የወደደው፣ ለበላይ ሰዎችም ያሞገሰው እሱን ነበር።

ሁለተኛዋ ተማሪ ሎጋዋ የምትባል ቀጭን ረጅም ልጅ ናት። ወራት ሙሉ የወደብ መጋዘን ሜዳ ላይ ስትጠይቅ ከርማ ፊቷ ጠቁሯል። ከሟቹ ጋር ተጣልታ እንደነበር ራሷ ቀድማ ተናገረች፤ የጥናቷን ግማሽ እንደገና ሥሪ ብሎ አስመልሷት ነበር። «ክፉ አልኩት። ልክ እንደነበረ ግን እያወቅኩ ነው» አለች። ለምሳ ምግብ ቤት ነበረች።

«ራሱን የሚገድል ልጅ ነበር?» አለቻት መርማሪዋ።

«እሱ? ቢገድልም እንኳ ተነስቶ በደንብ መሞቱን ድጋሚ ያጣራ ነበር።» ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

ፍልቅልቁ በሳቁና በቀልዱ የተሰየመ ልጅ ነው፤ ያን ቀን ግን ዓይኖቹ አብጠው ጠፍተዋል። ከሟቹ ጋር አንድ አልጋ ሲጋሩ፣ በእረፍት ጊዜ እህትየው ቤት አንድ መሶብ ሲቀርቡ ነው የኖሩት። ለምሳ ሲወጡ ጓደኛው ተክዞ ነበር አላት፤ የራሱ ጥናት ውስጥ ስህተት አግኝቶ አፍሯል። እሱ ግን መኝታ ቤት ሄዶ ልብስ ሲያጥብ ነበር።

«ትተኸው ስትወጣ ማዕረጉ የት ነበር?»

«ጣሳው ውስጥ ነዋ። ክፍል ውስጥ ማን ይለብሳል?»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንዴት» ሳትል ቀረች።

ወደ ሕክምና ክፍሉ ሄዳ ሬሳውን ደግማ አየችው። አንገቱ ከፀሐይ የተነሳ ተላልጧል፤ ሸሚዙ ነጥቶ ቅጠልያ መሆኑን ረስቷል። ማዕረጉን ከአንዱ ትከሻ ቀስ ብላ አወለቀችው። አጥብቃ አየችውና እንደገና አጠለቀችለት። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ ጓሮ ሄዳ ገመድ ላይ የተሰጡትን ልብሶች እየነካካች ቆየች። ተመልሳ ኮሎኔሉን፣ «ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰብስብልኝ፤ እህትየውንም» አለችው።

ኮሎኔሉ እህትየው እንድትገባ አልፈለገም። መርማሪዋ ግን እጇን ይዛ አስገባቻት።

በሩ ላይ ጣሳው እንደነበረ ነው። መርማሪዋ የራሷን ማዕረግ አውልቃ ጣለችበትና ሌሎቹን አየች። ኮሎኔሉ አወለቀ። ሎጋዋ አወለቀች። ፍልቅልቁ ትንሽ ቆየና አወለቀ። ዶክተሩ ከድሮም የሚያወልቀው የለውም። ክብ ሠርተው ተቀመጡ።

«ማዕረግ ስለሌለን እንደ ልባችን እንነጋገር» አለች። «ልጁ ከዚህ በረንዳ ነው የወደቀው። ወደ በረንዳው የሚኬደው በዚህ ክፍል ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ትከሻው ባዶ ነው። ትቶት የወጣው ጓደኛውም ማዕረጉ ጣሳ ውስጥ እንደነበረ ነግሮኛል። መሬት ላይ ሲገኝ ግን ለብሷል። የሞተ ሰው ጣሳ ድረስ አይመጣም። ከወደቀ በኋላ ያለበሰው ሰው አለ።»

ኮሎኔሉ ከመቀመጫው ተንቀሳቀሰ። ዶክተሩ ጭንቅላቱን በእጁ ያዘ።

«ማን? ሲቪል ሰው ቢሆን ማዕረጉን ትዝም አይለው። ወታደር ነው፤ ባዶ ትከሻውን ደጅ ወድቆ ማየት ያልቻለ። በጣም የሚወደው ሰው ነው።» ድምፅዋ አልከረረም፤ እንዲያውም ዝቅ አለ። «አሁን ማዕረጉን እንይ። ለሦስቱ ተማሪዎች በአንድ ቀን የተሰጠ፣ አንድ ዓይነት ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥንድ ብቻ። ልክ ነኝ ኮሎኔል?»

«ልክ ነሽ።»

«ሟቹ ግንባር ላይ በክፍት መኪና ሲንከራተት ነው የከረመው። ሸሚዙ ነጥቷል። ማዕረግ ከሚጠለቅበት የትከሻ ጨርቅ ላይ ግን ተሸፍኖ የነበረው እንደ አዲስ ነው። ያን ጨርቅ ከፀሐይ የጋረደው ማዕረግ ራሱ መንጣት ነበረበት። ሬሳው ላይ ያለው ማዕረግ ግን ትናንት ከግምጃ ቤት የወጣ ይመስላል። የሱ አይደለም።»

ከጣሳው ውስጥ የተማሪዎቹን ሁለት ጥንድ አወጣችና መሐል ወለሉ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሁለቱም በፀሐይ ነጥተዋል።

«የተለዋወጠ አለ ማለት ነው። ጣሳው ውስጥ የሟቹ ብቻ ቢኖር ኖሮ ሊለዋወጥ አይችልም። ኮሎኔሉ ቢሆኑ ደግሞ የሳቸው ማዕረግ ሌላ ነው፤ ዕውር እንኳ በዳሰሳ ይለየዋል። ስለዚህ ሁለት ተማሪዎች እዚህ ነበሩ። አንዱ ወደቀ። ሌላው ሁለቱንም ጥንድ አፍሶ ወደ ታች ሮጠ። አንዱን ለሱ፣ አንዱን ለራሱ አጠለቀ። በጥድፊያው የማን የማን እንደሆነ አላየም።» ወደ ሎጋዋ ዞረች። «ልጄ፣ ትከሻሽን ወደ ብርሃን መለስ አድርጊልኝ።»

ሎጋዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሸሚዟ ነጥቷል፤ ማዕረጉ የነበረበት ቦታ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል። ሸሚዝና ማዕረግ አብረው አርጅተዋል።

ፍልቅልቁ ሳይጠየቅ ትከሻውን በእጁ ሸፈነ።

«ሌላውን ሸሚዝህን ገመድ ላይ አይቼዋለሁ» አለችው መርማሪዋ። «ሁለቱም ዳር እስከ ዳር አንድ መልክ ናቸው። የነጣ ማዕረግ ባልነጣ ሸሚዝ ላይ እንዴት ይኖራል? አንተ ፀሐይ ላይ አልወጣህም። ግንባር ሄድኩ ባልክባቸው ወራት የት ነበርክ?»

ልጁ እጁን ከትከሻው ላይ አወረደ።

«እናቴ ቤት» አለ ልጁ። «ጓዳ ውስጥ።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልገፋውም፤ ራሱ ተናገረ። መኪናው መነሻ ድረስ ሄዶ ነበር። ከዚህ ትምህርት ቤት በፊት እዚያው ግንባር ላይ ነበረ፤ ከነበሩበት ምሽግ በሕይወት የወጣው እሱ ብቻ ነው። የመኪናው ሞተር ሲነሳ እግሩ አልታዘዝ አለው። እናቱ ቤት ተደብቆ፣ ያልጠየቃቸውን ወታደሮች መልስ ከራሱ እየፈጠረ ጻፈ። እሱም ቢሆን ስንቅ ሲጠብቅ ምን እንደተሰማው ያውቀዋልና መልሱ እውነት ይመስል ነበር። «ድጋሚ» ግን ምሽግ ለምሽግ ዞሮ ጠየቀ። ጓደኛውን አይቻለሁ የሚል አንድም ወታደር አጣ።

«ከሰዓት በኋላው ውይይት ሳይጀመር ራስህ ንገራቸው አለኝ። ካልነገርክ እኔ እናገራለሁ አለኝ። እንዳይመልሱኝ ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅኩ። እሱ ወደ በረንዳው ወጣ፣ እኔ ተከተልኩት። ዝም በለኝ ብዬ ገፋሁት። እንዲወድቅ አልነበረም... አላውቅም። ገፋሁት።»

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አለ ዶክተሩ ለራሱ። ቀጥሎ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ያን ጥናት እያወደሰ ልጁን መውጫ ያሳጣው እሱም እንደነበረ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ኮሎኔሉ ተነስቶ እህትየው ፊት ቆመ። ወንድሟ በሙሉ ክብር፣ ባንዲራ ለብሶ፣ ከጓዶቹ መካከል እንደሚቀበር ነገራት። የሰማችው አትመስልም። ዓይኗ ፍልቅልቁ ላይ ነበር።

«አንተ ልጅ» አለችው። «ካጎረስኩት ጋር ያጎረስኩህ አንተ። በመጨረሻ ምን አለህ? ወንድሜ ካፉ የወጣው የመጨረሻ ነገር ምንድን ነው?»

ልጁ ቀና ማለት አቃተው። «ይቅርብሽ እትዬ።»

«ንገረኝ።»

«አብሬህ እገባለሁ አለኝ። ስትነግራቸው አጠገብህ እቆማለሁ፤ ድጋሚ ዕድል ይሰጡህ ብዬ እኔ እለምናለሁ፤ ከመለሱህም ብቻህን አትሄድም፣ አብሬህ እመለሳለሁ አለኝ። አላመንኩትም እትዬ። ሰው ለሰው እንዲህ አያደርግም ብዬ አላመንኩትም።»

 እህትየው የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። መርማሪዋ ልትደግፋት እጇን ስትዘረጋ ገፋቻት። ራሷ ተነሳች፣ ልብሷን አራገፈች፣ በልጁ አጠገብ ሳታየው አልፋ በሩ ላይ ደረሰች።

«እሱ የሚዋሽ ልጅ አልነበረም» አለች፣ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «በሉ፣ አሁን ወንድሜን ስጡኝ።»