ወደ ቀኝ ይስባል

አምሳሉ ያገለገለውን ነጭ መኪና የገዛው ለራሱ ምቾት ብሎ አልነበረም። ታላቅ ወንድሙ ጸጋው አንድ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ከተቆረጠ ወዲህ ለታክሲ መጋፋት አቅቶት ስለነበር፣ አምሳሉ ደሴ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሲወጣ ወንድሙን ከሬዲዮ መጠገኛ ሱቁ ደጃፍ አንሥቶ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ቤታቸው አብረው እንዲገቡ አስቦ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ወንድም ማለት እንደ አምሳሉ ነው» ይላል። የታጨችለት ልጅ «ሦስት ሆነን በምንኖርበት ቤት ትዳር አልጀምርም» ብላ ቀለበቱን የመለሰች ዕለት እንኳ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ እንደ ወትሮው የጸጋውን ገላ አጠበ፣ የጉቶውን ጠባሳ በቅባት አሸ፣ አልጋውን አነጠፈለት።

መኪናው ወደ ቀኝ እንደሚስብ ያስተዋለው ብዙም ሳይቆይ ነው። መጀመሪያ ልጅ የእናቱን ቀሚስ ጫፍ ይዞ እንደሚጎትት ያለ ቀላል ነገር ነበር። ጸጋው ከሱቁ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ዳር ከድንጋዩ ግንብ ፊት፣ ክራንቹን ብብቱ ሥር አድርጎ ይጠብቀዋል፤ አምሳሉ ሲደርስ መሪው በእጁ ውስጥ ይከብድና የፊት ጎማው ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ይቆማል።

«ዛሬ ቀረብክ» አለው ጸጋው፣ ከኋላ ወንበር ላይ እግሩን እየዘረጋ።

«መኪናው ነው። ይስባል።»

ጋራዥ ወሰደው። እንድሪስ የሚባሉት ሽማግሌ መካኒክ የቀኙን ጎማ በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አድርገው ነፋሱ መጉደሉን ነገሩትና ሞሉለት። ለጥቂት ቀን ደህና የሆነ መሰለው። ከዚያ አንድ የካፊያ ቀን፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ በሚሸትበት አየር ውስጥ፣ ጸጋው እዚያው ቦታው ቆሞ ሲያየው መሪው በድንገት ዞረ፤ የጎን መስታወቱ የወንድሙን የኮት ቁልፍ በጥሶ አለፈ። ጸጋው ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ከጭቃው ውስጥ ሲፈልግ ቆየና ኪሱ ከቶት ገባ።

እንድሪስ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አቀያየሩ። መኪናውን በክሪክ አንሥተው ጎማውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ፍሬኑ ይዞ እንደሆነ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ፤ ምንም ሳይፋተግ ዝም ብሎ ዞረ። መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው ቴስቲና ላልቶ አግኝተው በአዲስ ቀየሩ፤ የጎማዎቹን አሰላለፍ፣ አላይመንቱንም አስተካከሉ። መሳቡ ግን ባሰበት። ጠዋት ጠዋት አምሳሉ ጠመኔ ሲጨብጥ መዳፉን ያመዋል፤ ክንዱ እስከ ትከሻው ይዝላል፤ ያንን የሚያህል ብረት ሲታገል ስለሚውል ነው ብሎ ያስባል። አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገረም፦ መሪው መክበድ ሲጀምር፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ሲገባና ጠጠሩ ከመኪናው ሆድ ጋር ሲጋጭ፣ ብርድ ላይ የቆየ ሰው ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እጁን ሲከት የሚሰማው ዓይነት ነገር በደረቱ ያልፍ ነበር።

ጸጋው በየቀኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። ከአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ጠጠሩ፣ ከጠጠሩ ወደ ሣሩ፣ በኋላም ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ቆመ። የጎማው ዱካ ቀን በቀን ተከተለው። አምሳሉ ዱካውን አይቶ፣ ወንድሙ ከዚህ በኋላ የሚሸሽበት ቦታ እንደሌለው አሰበ፤ ሐሳቡ ግን እንደ ሐዘን ሆኖ አልመጣለትም።

«ሌላ ቦታ ለምን አትቆምም?» አለው።

«በክራንች የት እሄዳለሁ? አንተ ታውቅልኛለህ» አለው ጸጋው።

በማግስቱ እንድሪስ መኪናውን ብቻቸውን ይዘው አስፋልቱን ወጡ ወረዱ። ሲመለሱ ቁልፉን አላቀበሉትም።

«እጄን ለቅቄ ነዳሁት፤ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ። የት ላይ ነው የሚስብህ?»

«ጸጋው የሚቆምበት ጋ ስደርስ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩት። «በል ንዳ። አብሬህ ልሂድ።»

ጉም ከተማውን ሸፍኖ ስለነበር ገና ሳይመሽ የመኪናዎች መብራት በርቷል። እንድሪስ አጠገቡ ተቀምጠው የሞተሩን ድምፅ ሲያዳምጡ ቆዩ። ሰው፣ አህያ፣ ጋሪ በቀኝ በኩል አለፉ፤ መኪናው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ግንቡ ታየ፤ ጀርባውን ያስደገፈው ጸጋውም ከጉሙ ውስጥ ቀስ በቀስ ወጣ።

«ይኸው! ጀመረው!» አለ አምሳሉ።

«ልቀቀው መሪውን።»

«ለቅቄዋለሁ ጋሼ! አዩት? ራሱ እኮ ነው የሚዞር!»

እንድሪስ አዩ። የአምሳሉ ዐሥሩም ጣቶች መሪውን እንቅ አድርገው ይዘዋል፤ የክንዱ ሥር እስኪገተር ድረስ በሙሉ ኃይሉ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ፊቱ ላይ ግን የተቸገረ ሰው እውነተኛ ላብ ነበር። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጃቸው ሳቡት። መኪናው ተንሸራትቶ የክራንቹን እንጨት ከግንቡ ጋር አጣብቆ ሲሰብረው ድምፁ የደረቀ አጥንት የተሰበረ መሰለ። ጸጋው በአንድ እግሩ፣ በግንቡና በኮፈኑ መካከል፣ ቆሞ ቀረ።

«አዩልኝ አይደል?» አለ አምሳሉ እያለከለከ። «ምኑ ነው የተበላሸው?»

ሽማግሌው ወረዱ። ጸጋውን በብብቱ ደግፈው ሲያወጡት ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ መኪናው ደህና ነው። ዛሬ አብረኸው አትሂድ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለ ጸጋው። «ታዲያ ያለ እሱ ማን አለኝ?»

እንድሪስ ወደ ኋላ ሳይመለከቱ በእግራቸው ወደ ጉሙ ገቡ።

ጸጋው ዛሬ ከኋላ አልተቀመጠም። የፊቱን በር ይዞ እየዘለለ ገባና ከወንድሙ ጎን ተቀመጠ፤ ቀበቶ አላሰረም። አምሳሉ ነዳ። መሪው ላባ ሆኖ ቀለለው፤ ሽማግሌው ሳይነግሩት አንድ ነገር አስተካክለው እንደሄዱ ገመተ፤ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏጨ። ከተማው አልቆ ቁልቁለቱ ተጀመረ። በቀኝ የተቦረቦረው ተራራ ውሃ ያንጠባጥባል፤ በግራ፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ማዶ ባለው ገደል፣ ዛፍም ቤትም አይታይም፤ ነጭ ጉም ብቻ ከታች ወደ ላይ ይጨሳል።

«አሁን አይስብህም?» አለ ጸጋው።

«ምንም! ተሻለው መሰለኝ።»

«ደክመሃል፣ ወንድሜ። ስንት ዓመት ተሸከምከኝ» አለ ጸጋው በለሆሳስ፤ ክራንች ሲጨብጥ ኖሮ እንደ ብረት የጠነከረው ግራ እጁም መጥቶ መሪው ላይ፣ ከአምሳሉ እጅ በላይ፣ አረፈ።

መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግራ መሳብ ጀመረ።