አንቴናው የሚወልቅ ይሁን

«የሚወልቅ ይሁን» አለ ዘመነ እንደገና።

«ሰማሁ አባዬ። ግን ለምን?»

«የሚወልቅ ነዋ!»

ይህ መልስ አይደለም። ኦሽራት አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ መልስ ያልሆነ መልስ ከሩቅ ታውቃለች፤ ራሷም ለአስተማሪዎቿ እንዲህ ያለውን ስትሰጥ ነው የኖረችው። በቀኝ እጇ ባለማግኔቱን፣ በግራ እጇ ባለመቆንጠጫውን አንቴና ይዛ፣ ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቅ መሐል ቆማ አፍንጫዋን ነፋች። የኦሽራት አፍንጫ ከተነፋ አንድ ነገር ሸቷታል ማለት ነው። እርግጥ ብዙ ጊዜ የሚሸታት የሌለ ነገር ነው። አምና የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ውሻ ሰርቋል ብላ አንድ ክረምት ሙሉ ስትከታተለው ከርማ፣ ውሻው የገዛ እህቱ ውሻ ሆኖ አረፈው።

የአንቴናው ነገር የመጣው በስግድ፣ በቤተ እስራኤል የጸሎት በዓል ምክንያት ነው። ዘመነ በየዓመቱ በነጭ ቫኑ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ከአውቶቡስ ማቆሚያው እያነሳ፣ አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ ጸሎቱ እስከሚደረግበት ቦታ ያደርሳል። ሰፈሩ ውስጥ «ዘመነ ሹፌሩ» ሲባል ሌላ ዘመነ ያለ አይመስልም። አምና ግን ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲደዋወል ስልኩ ሁሉ ዲዳ ሆነና፣ እማማ ልቅናሽ የተባሉት አሮጊት በተሳሳተው የኮረብታው ጫፍ ወርደው፣ ጸሎቱ እስኪጋመስ ድረስ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ቆዩ። አልተቆጡም። «ዘመነ ረሳኝ» ብለው ሳቁ እንጂ። ያ ሳቅ ከዘመነ ጆሮ እስካሁን አልወጣም።

ዘንድሮ አዘጋጆቹ ለሹፌሮቹ የመገናኛ ራዲዮ ሊያድሉ ነው። መኪና ግን የብረት ሣጥን ነው፤ ውስጡ ተቀምጦ በራዲዮ መናገር አፍን በጋቢ ሸፍኖ እንደ መጮኽ ያህል ነው። አንቴናው ውጭ መውጣት አለበት። ኦሽራት ደግሞ በትምህርት ቤቷ የራዲዮ ክበብ፣ እነሱ «ሁግ» በሚሉት ውስጥ ስላለች፣ መምረጡ ለእሷ ተሰጠ። የእሷ ሐሳብ ጣሪያውን በስቶ አንዴ መትከል ነበር። አባቷ አሻፈረኝ አለ።

«ጣሪያው መስታወት ቢሆንስ?» ሲል ባለሱቁን በዚያ በራሱ ዕብራይስጥ ጠየቀው።

«ማግኔት መስታወት አይዝም» አለ ባለሱቁ። «ባለመቆንጠጫው ግን የበሩን ጠርዝ ነክሶ ይይዛል። በትንንሽ ብሎኖች ታጠብቀዋለህ። የትኛውም መኪና ላይ ይሆናል።»

አፍንጫዋ ይበልጥ ተነፋ። የቫናቸው ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ ነው። ታዲያ መስታወቱ ከየት መጣ?

ባለሱቁ፣ ዘመነ የቆየ ደንበኛው ስለሆነ፣ ሁለቱንም ወስደው እንዲሞክሩ፣ ያልሆነላቸውን እንዲመልሱ ነገራቸው። ሲወጡ ዘመነ በሩ ላይ ያለችውን ደረጃ ሳተና ተንገዳገደ። ደረጃዋን ረገማት። ከዚያ፣ «አንቺ በባቡር ወደ ቤት ሂጂ፤ እኔ ከገበያ የምገዛው አለ» አላት።

ያለ ቫን! ዳቦ ቤት እንኳ በቫን የሚሄድ ሰው፣ ዛሬ «ከተማ ውስጥ መኪና ማቆሚያ የለም» ብሎ ቫኗን ቤት ትቷት መጥቷል።

ባቡር ጣቢያው ላይ ጓደኛዋ ሲጋል የሱፍ አበባ ፍሬ እየፈለቀቀች ትጠብቃት ነበር። ሲጋልም የራዲዮ ሁግ ተማሪ ናት፤ ከራዲዮው ይልቅ የምትወደው ግን ወሬውን ነው።

«የሚወልቅ አንቴና?» አለች ነገሩን ሰምታ። «ወላ፣ አሖቲ፣ እህቴ! የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው የሚወልቅ አንቴና ምን ያደርግለታል?»

«እኔም እሱን ነው የምለው።»

«መኪናውን ሊሸጠው ነው። ወይ ደግሞ ሌላ መኪና አለው። ሌላ መኪና ካለው…» ሲጋል ዓይኗን አፈጠጠች፣ «ሌላ ቤትም አለው!»

«ኤን ማጻብ፣ በጭራሽ። አባዬ የአንዱን ቤት ቁልፍ እንኳ በየቀኑ ነው የሚጥለው።»

«እሺ፣ ባለ መስታወት ጣሪያ መኪና የማን ነው? የወንድምሽ የኤራን አይደለች?»

ኦሽራት ሳቀች። «የኤራንን መኪና አባዬ ‹የዓሣ ገንዳ› ነው የሚላት። ከተገዛች ጀምሮ አንድ ቀን አልገባባትም።»

ይህን እያሉ ሳለ ዘመነ ከገበያው አፍ ብቅ አለ። እጁ ባዶ ነው፤ አንዲት ቲማቲም እንኳ አልያዘም። ወደ ነቢያት ጎዳና አቅጣጫ ቀስ ብሎ መራመድ ያዘ። ሁለቱ ልጃገረዶች ተያዩ።

«ያላ፣ እንሂድ» አለች ሲጋል፣ ፍሬውን ኪሷ ከትታ።

ተከተሉት። ከነቢያት ጎዳና ታጥፎ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ገባ። መንገዷ ጠባብ ናት፤ ግራና ቀኝ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ በላዩ የተንጠለጠለ ቅጠል። ዘመነ በእጁ ግንቡን ዳበስ ዳበስ እያደረገ ሄደና እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በር ገባ።

ሲጋል አፏን በእጇ ያዘች። «አባትሽ? እዚህ? ይሄ ሰፈር ከተሰማ…»

ከተሰማማ አለቀ! የቤተ እስራኤል ሰው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲወጣ ከታየ፣ እሱ ባቡር ሳይሳፈር ወሬው ቤቱ ደርሶ አረፍ ብሎ ይጠብቀዋል።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለች ሲጋል። «ቤት ይጠብቁኛል፤ ልሂድ። በእናቴ፣ ምንም አላየሁም።» ኦሽራት ጓደኛዋ ምንም ሳታይ ቀርታ አታውቅም፤ ስለዚህ እሷንም ጠረጠረቻት።

አጥሩን ተደግፋ ቆየች። አባቷ ሲወጣ በሩ ላይ ተንገዳገደ፤ አላያትም። አጠገቧ አለፈ! ጃኬቷ እኮ ብርቱካንማ ነው። «አይቶ ዝም ያለ መሰለኝ» አለች በልቧ፤ ይህም ሌላ ጥርጣሬ ሆነ። ከዚያ ወደ ግቢው ገባች።

ጥቁሩ ክብ ጉልላት ካለበት ፊት ለፊት፣ ጥላ ሥር አንድ መነኩሴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩዋትና ፈገግ አሉ።

«የዘመነ ልጅ ነሽ። አፍንጫሽ ይናገራል።»

«አንተ… ይቅርታ፣ እርስዎ አባቴን ከየት ያውቁታል?» አማርኛዋ እንዲህ ሲያስፈልጋት ይሰባበራል።

«አባ ወልደ ሰንበት እባላለሁ። ጎንደር አንድ ወንዝ ውስጥ ነው ዋና የተማርነው። እሱ አስተማረኝ ይላል፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

«እና… ሊለወጥ ነው? ሃይማኖቱን?»

መነኩሴው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ዘመነ? ዘመነ ካልሲውን እንኳ በልመና ነው የሚለውጠው!»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

«ሊያወራ። የኔ ልጅ፣ ያንቺን ለእሱ አልነግርም፤ የእሱንም ላንቺ አልነግርም።» ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። «አንድ ነገር ግን ንገሪልኝ። የግቢው በር ላይ ያለችውን ደፍ ይጠንቀቅ በይው። ዛሬም ሳታት።»

*

ዛሬም ሳታት። ኦሽራት ይህን ቃል ይዛ ባቡር ተሳፈረች፣ ይዛው ተኛች፣ ይዛው ተነሣች። የሱቁ ደረጃ። የግቢው ደፍ። ብርቱካንማው ጃኬት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፀሐይ ገና ከፍ እንዳለች ነበር። አንቴናውን እንሞክር ብላ አባቷን ወደ መኪና ማቆሚያው አወረደችው። እሱን ከቫኗ ፊት አቆመችና፣ እሷ የሾፌሩን በር ከፍታ ደፉ ላይ ቆመች። ባለማግኔቱን አንቴና ወደ ጣሪያው ዘረጋችው። ከዚያ ሳታስቀምጠው እጇን ሰበሰበች።

«አባዬ፣ እስቲ እይልኝ። ቀጥ ብሏል?»

ዘመነ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ዓይኑን አጠበበ። እንደሚያውቅ ሰው አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

«ትንሽ ወደ ግራ አርጊው።»

ኦሽራት አልተንቀሳቀሰችም።

«አዎ፣ አዎ። አሁን ቀጥ ብሏል።»

ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

የጠረጠሩት ነገር እውነት ሲሆን ደስ ይላል ብላ ታስብ ነበር። ደስ አላላትም። ወረደችና ወደ አባቷ ተጠግታ አንቴናውን በእጁ አስያዘችው።

«እኔ ጋ ነው፣ አባዬ።»

ዘመነ የአንቴናውን ሽቦ በጣቶቹ ወደ ላይ ወደ ታች ዳሰሰው። እስከ ጫፉ።

«ፊት ለፊት የማየው ነገር መሐሉ ጉም ነው» አለ በመጨረሻ። «ዳር ዳሩ ደህና ነው። ሐኪሟ ‹መንዳት ይብቃህ› ብላኛለች።»

«መቼ?»

«በበጋው።»

«እማዬ ታውቃለች?»

«ማንም አያውቅም፤ አባ ወልደ ሰንበት ብቻ። እሱ ለማን ያወራል? የኛን ሰው አያገኝ።» ከዚያ ድንገት ዞረባት። «እሱ ማን ነው አትይኝም?»

«በሩ ላይ ያለችውን ደፍ ይጠንቀቅ ብለዋል።»

«አይ አንቺ ልጅ!» አለ ዘመነ። ሊቆጣ ነበር፤ ቁጣው ግን መንገድ ላይ ቀረበት። «ይህችን አንዲት ስግድ ብቻ ነው። መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ። እማማ ልቅናሽን ራሴ፣ በደጃፉ ላወርዳቸው ይገባል። ከርሞ ሥራውን ለኤራን እሰጠዋለሁ፤ አንቴናውም ተነቅሎ ወደ እሱ መኪና ይሄዳል። ለዚህ ነው የሚወልቅ ይሁን ያልኩሽ።»

ኦሽራት የስግድን ቀን መንገድ አሰበችው። ነጭ የለበሱ አሮጊቶች በመኪኖች መሐል ቀስ ብለው ሲሻገሩ፣ የእናታቸውን እጅ የለቀቁ ልጆች፣ ጃንጥላ ተሸክመው የሚወጡ የቤተ እስራኤል ቄሶች። ሁሉም ከመኪናው ፊት ለፊት። ጉሙ ያለበት መሐል ላይ።

«አባዬ፣ ሰው ብትገጭስ?»

«ሠላሳ ዓመት ነድቼ ድመት አልነካሁም!»

«አንቴናውም አልነበረም እኮ። ቀጥ ብሏል አልከኝ።»

ዘመነ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ አንቀጫቀጨው።

«ነገ አብረን እንሄድና ባለመቆንጠጫውን እንመልሳለን» አለ። «ለዘንድሮ ለቫኗ ባለማግኔቱ ይበቃናል። የከርሞውን ከርሞ እናያለን። ለእናትሽ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትይ። አደራ።»

ብሎ ወደ ደረጃው ሄደ። ኦሽራት «እሺ» አላለችም። አለማለቷን ልብ ይበል አይበል አታውቅም።

*

በማግስቱ ባለሱቁ የአንድ ሰው ስልክ እየጠገነ ነበር። ኦሽራት ቦርሳዋን የብረት ባንኮኒው አጠገብ አስቀመጠች። አባቷ ከኋላዋ ቆሟል፤ በሱቁ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያየ ይመስል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

«እሺ፣ የትኛው ሆነላችሁ?» አለ ባለሱቁ።

ቦርሳው ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ተኝተዋል። መምረጡ ለእሷ የተሰጠ ነው፤ ራሱ ነው የሰጣት። እጇ መጀመሪያ ባለመቆንጠጫውን ነካ፣ እንደታዘዘችው። ብሎኖቹ ጣቷን ቆረቆሯት። ለቀቀችው።

ባለማግኔቱን አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ማግኔቱ ከእጇ ነጥቆ ብረቱን ያዘ። ቷ! አለ።

ያን ድምፅ ሌላ ነገር ነው ማለት አይቻልም። ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም። ኦሽራት ዞር ለማለት ፈራች። ከኋላዋ የአባቷ ቁልፎች አንዴ ተንቀጫቀጩና ዝም አሉ።

«ማግኔቱ ምን ጎደለው?» አለ ባለሱቁ፣ አንቴናውን ከባንኮኒው ለማላቀቅ እየታገለ።

«ምንም አልጎደለው» አለች ኦሽራት። «መስታወት አይዝም።»

ባለሱቁ ወደ ዘመነ አየ። ዘመነም ወደ ባለሱቁ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ በዓይኑ ዳር አየ። ጊዜ ወሰደበት።

«ልጅቷ እንዳለች» አለ።

ኦሽራት ባለመቆንጠጫው ያለበትን ቦርሳ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ አባቷም ተከትሏት ወደ በሩ ሄዱ። ውጭ የገበያው ጫጫታ እንዳለ ነው፤ አንዱ ሐብሐብ ይጠራል፣ ባቡሩ ደወሉን ያሰማል።

«ከዓሣ ገንዳ ውስጥ ሆኜ ራዲዮ ላወራ ነው እንግዲህ» አለ ዘመነ።

«ኤራን ይነዳል፤ አንተ ታዘዋለህ።»

«እሱ መቼ ይታዘዛል» አለ ዘመነ። «ለእናትሽ እኔው እነግራታለሁ። ዛሬ።»

«ደረጃ አለ፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ» አለ ዘመነ። ግን ቆመ፤ እጁን ሰዶ ትከሻዋን ያዘ።